ጠማቂው ይኮራል፣ ጠማቂዋ ታፍራለች

መጀመሪያ አንዲት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ብቻ ነበረች። እሷም ማድ ቤት ጥግ፣ ከሽንኩርቱ ዘንቢል አጠገብ፣ ማንንም ሳታስቸግር ተቀምጣ ነበር። በሳምንቷ ሁለት ሆኑ። በወሩ «ማድ ቤቱ ለጠጅ ይሞቃል» ተባለና ሳሎን ገቡ። ሳሎኑን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል ተባለና መኝታ ቤት ገቡ። አሁን ባልና ሚስት የሚያድሩት «ቡልቅ... ቡልቅ...» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ከሚያወራ ጄሪካን ጋር ነው። ባል በድምፁ ይደሰታል። «እየፈላ ነው» ይላል በጨለማው ውስጥ። ሚስት ዝም ትላለች። የዝምታዋን ትርጉም ገና አልመረመረውም፤ የሚመረምረው ሌላ ብዙ ነገር አለበት።

ሲቀላ የምትኖሩ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ስም አልጠራም፤ ደግሞም አንድ ሰው አይደለም። ከዚህም ከዚያም ያየኋቸውንና የሰማሁላቸውን ሰዎች ሰብስቤ አንድ ያደረግሁት ነው። የተማረ ነው፤ የወር ደመወዝ አለው፤ ከሥራ መልስ ፑል ቤት ወይም ድራፍት ቤት ይቀመጥ የነበረ ነው። አንድ ቀን ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ቢራ ሲጠምቅ አየ። በቃ፣ እሱም ጠማቂ ሆነ። እኛም ለዛሬ «ጠማቂው» እያልን እንቀጥል።

ጠማቂው የገጠመው የመጀመሪያ ችግር አየሩ ነው። ሲቀላ ቆላ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከአባያና ከጫሞ የሚነሳውን ወበቅ እየጠጣች፣ ቀን ቀን ሙቀቷ 30 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም። የፈረንጁ የቢራ እርሾ ግን ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ነው ረጋ ብሎ የሚሠራው። ከዚያ በላይ ሲሞቅበት ይጣደፋል፤ የተጣደፈ እርሾ ደግሞ ራስ የሚያዞር፣ ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚል መጠጥ ይሰጣል። ስለዚህ ፍሪጁ ተወረሰ። ለሥጋና ለወተት ተብሎ በዕቁብ ብር የተገዛው ፍሪጅ ውስጥ አሁን የሚያድረው ጄሪካን ነው፤ ሥጋው ጎረቤት ያድራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄሪካኑ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። ልጁ ሲያተኩሰው ጨርቅ አርጥበው ግንባሩ ላይ የሚያደርጉ እናት ስታዩ የሚሰማችሁን ስሜት እዚያ ቤት ጄሪካን እያያችሁ ይሰማችኋል።

ቀጥሎ መሣሪያው መጣ። ድሮ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ስልክና ጫማ ነበር የሚታዘዘው። አሁን ሃይድሮሜትር ነው የሚታዘዘው። ሃይድሮሜትር ማለት ፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር የመስታወት ዘንግ ነው። ከመፍላቱ በፊትና በኋላ ይለካል፤ ልዩነቱ አልኮሉን ይነግራል። ከዚያ በፓኬት የታሸገ እርሾ፣ ከዚያ ቴርሞሜትር፣ ከዚያ የኩሽና ሚዛን፣ ከዚያ የጠርሙስ ክዳን መምቻ። ከዚያም ደብተር። ደብተሩ ላይ «ሙከራ 1»፣ «ሙከራ 2» እየተባለ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የውሃው ሙቀት፣ የማሩ ክብደት ይሰፍራል። ሙከራ 6 ላይ ትልቅ ቀይ እስክሪብቶ ያረፈበት «ፈነዳ» የሚል ቃል አለ። ስኳሩን በልቶ ያልጨረሰ ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ከታተመ መፍላቱን አያቆምም፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን ይዞ ይወጣል። ሙከራ 6 የቡፌውን መስታወት ይዞ ወጥቷል።

እንግዳ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ዝም ብሎ መጠጣት የለም። ብርሌው ከመቅረቡ በፊት ማብራሪያው ይቀርባል። «ቆዩ፣ መጀመሪያ ያሽትቱት። አሁን ትንሽ አፍዎ ውስጥ ያዙት። ምን ተሰማዎት?» ይባላሉ አንድ ጡረታ የወጡ አዛውንት። ሽማግሌው ትንሽ ያዙና ዋጡ። «ልጄ፣ ልጠጣው ነው ወይስ ልፈተንበት?» አሉ አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶልን ነበር። እዚያ ሳሎን ግን ሰውየው ራሱ ማስታወቂያ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ለቅሶ ቤትም ይናገራል፤ ዕድር ላይም ይናገራል። ስለ ጌሾ ሳያነሳ የተነሳበት ወንበር የለም።

እንግዲህ እስከዚህ የሳቅነው ይበቃናል፤ የሰውየውንም ደግ ደጉን እናንሳ። ከልቡ ነው። ማሩን ከገበያ ሲገዛ ስኳር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ይመረምራል፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ካለ አንድ ለሦስት ነው፣ አያጭበረብርም። ቢጫ ቀለም ጨምሮ «የማር ጠጅ» ከሚሸጥልን ነጋዴ ይልቅ የእሱን ብርሌ አምነን እንጠጣለን። ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ መቆየቱም በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር ቢኖር «ቀጥሎ አረቄ አወጣለሁ» ማለቱ ነው። የአልኮል እንፋሎትና እሳት በአንዲት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ጨዋታ አይሆኑም፤ ያን ቢተወው ይሻለዋል።

እኔን ያነጋገረኝ ጄሪካኑ አይደለም። አጥሩ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ማን አለ?

ከአጥሩ ወዲያ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ጓዳ ውስጥ፣ ልጆቿን በቦርዴ የምታሳድግ ሴት አለች። ሲቀላ ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ አጥሮች አሉ። ቦርዴን ከሩቅ ለሚያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ፤ ምክንያቱም ጠማቂው ራሱ ሙያው ምን ያህል እንደሆነ የገባው አይመስለኝም። ቦርዴ ጌሾ የለውም። ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከገብስ ወይም ካገኙት እህልና ከብቅል ይሠራል። የበቆሎው ዱቄት ወይም ክክ በውሃ ተለውሶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ከፊሉ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ከብቅልና ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ጥንስስ ይሆናል። በማግስቱ ሌላው ከፊል በስሎ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። መጨረሻ ላይ አሁንም የበሰለ ገንፎና አዲስ ብቅል ይገባበታል፤ ተጠልሎም ጥቂት ሰዓት ይፈላል። አራት ቀን የፈጀ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜው የአንድ ቀን ነው። እየፈላ፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ እንዳለ ካልተጠጣ በማግስቱ ሆምጣጤ ነው።

አያችሁ፣ አራት ቀን የተለፋበት ዕቃ በአንድ ቀን መሸጥ አለበት። ዝናብ ከዘነበና የቀን ሠራተኛው ካልመጣ ደፋችው ማለት ነው። ስንት ጣሳ እንደሚሸጥ ከአራት ቀን በፊት መገመት አለባት። ጠዋት እንዲደርስ ሌሊት መነሳት አለባት። ቦርዴ ደግሞ ለጠጪው መጠጥ ብቻ አይደለም። ወፍራም ነው፣ ምሳ ነው። ግንበኛው፣ ተሸካሚው፣ ሙዝ ጫኙ አንድ ሁለት ጣሳ ጠጥቶ እስከ ማታ የሚቆምበት ነው። በብዙ ቦታ ለአራስም ይሰጣል፣ ወተት ያመጣል እየተባለ። ይኸንን ሁሉ ያለ ሃይድሮሜትር፣ ያለ ደብተር፣ ጣቷን ነክራ እየቀመሰች ነው የምታደርገው። የሙቀት ችግርም የለባትም፤ የእሷ እርሾ የሲቀላን ሙቀት ከእሷ ጋር የለመደ ነው። ከጋኑ ግድግዳ፣ ከትናንቱ አተላ፣ ከብቅሉ ላይ የሚነሳ እንጂ ከፍሪጅ የሚነሳ አይደለም። ጋኑንም በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ጠማቂው ዕቃውን «ስቴራላይዝ» የሚያደርገው በበረኪና ነው፤ ሙከራ 3 በረኪና በረኪና ይል እንደነበር የቀመሱት ይመሰክራሉ።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ወገን፤ ነገሩ ከዚያ ሲታይ ይገለበጣልና። ጆን አርተር የሚባል አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት በጋሞ ደጋ መንደሮች የሸክላ ዕቃ ሲያጠና አንድ ነገር አስተዋለ። የአንዳንድ ጋኖች የውስጥ ግድግዳ ተበልቷል፤ ተፍቋል። ምን በላው ቢል፣ ለካስ ውስጡ የፈላው መጠጥ አሲድ ነው። እነዚህ የተበሉ ጋኖች በብዛት የሚገኙት ደግሞ በሀብታሞቹ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ የደረሰበት ነገር ይኸ ነው፤ ጠላ ለመጥመቅ ከምግብ የተረፈ እህልና ብዙ ጋን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በጋሞ ደጋ ጠመቃ የሀብት ምልክት ነው። የጋኑን ሆድ አይቶ የባለቤቱን ደረጃ ማወቅ ይቻላል።

ክብሩ ግን የማን ነበር? ዴና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ዶኮ የሃላቃ ሥርዓት በስፋት ጽፋለች። ሃላቃ የሚሆን ሰው አገሩን ጠርቶ ያበላል፣ ያጠጣል፤ በዚያ ድግስ ስም ያገኛል፣ ይከበራል። ስሙን የሚያገኘው ወንዱ ነው። እህሉን የፈጨው፣ ብቅሉን ያበቀለው፣ ጋኑ ሥር ያጎነበሰው ማን እንደሆነ ግን መጠየቅም አያስፈልግም። ጋኑን የሠራችውማ ጭራሽ ከድግሱ ዳር ነበረች። በጋሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና የሚባሉት ወገኖች ናቸው፤ ለረጅም ዘመን ከገበሬው ወገን ጋር እንዳይጋቡ ተለይተው የኖሩ። መጠጡ ያስከብራል፣ መያዣውን የሠራችው እጅ ግን አትነካም። የዛሬው ጠማቂያችን ይኸንን የፈጠረው አይደለም፤ ወርሶት ነው የመጣው።

ከደጋው ወደ ሲቀላ ስትወርዱ ያው ጋን ሌላ ትርጉም ይይዛል። ደጋ ላይ «ጋን አለው» ማለት ሀብታም ነው ማለት ነበር። ከተማ ውስጥ «ጋን አላት» ማለት ሌላ መተዳደሪያ የላትም ማለት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ይጋብዛል፣ አንዷ ትሸጣለች። የሚጋብዝ ይከበራል፤ የምትሸጥ «ጠላ ሻጭ» ትባላለች። ይኸ ቃል በአማርኛችን የሥራ ስም ሆኖ አልቀረም፣ ስድብ ሆኗል። «የአረቄ ሻጭ ልጅ» ተብሎ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተደባደበ ስንት ልጅ አለ! ደጃፏ ላይ የሚሰበሰበው ሰካራም የሚጥለው ቃልና እጅ ደግሞ አለ፤ ጠማቂው ሳሎን ውስጥ የማይገባ ነገር ነው። ለአረቄው የሚነደው እንጨት ከጫካው በሴት ጀርባ ነው የሚወርደው፤ ጭሱ የሚገባው በሴት ዓይን ነው። ይኸን ሁሉ ችላ አልኮሉን ለሰው ማቅረቧም ጉዳት እንዳለው እናውቃለን፤ የምትቀዳው መጠጥ የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ከሁላችንም ይልቅ እሷ ታውቃለች። ግን ልጆቿን ያሳደገችበት እሱ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝ ቦታ ላይ ደረስኩ። ከእነዚህ አዳዲስ ጠማቂዎች መካከል በቦርዴና በአረቄ ብር የተማሩ አሉ። የዩኒፎርማቸው፣ የደብተራቸው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ የተሳፈሩበት ብር ከጣሳ የወጣ ነው። ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ሲያገኙ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ይኸን ሥራ ተይው» ይሉና ጋኑ ይገለበጣል። መልካም ነው፣ አረፈች። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያው ልጅ መጥመቅ ይጀምራል፤ የሚማረው ደግሞ ከስልኩ ላይ፣ ከጀርመን ሰውዬ ነው። እናቱ እዚያው ሳሎን፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። «እርሾው ለምን ቀዘቀዘ?» ብሎ ማታ ማታ ቪዲዮ ይፈልጋል። አጠገቡ 30 ዓመት የጠመቀች ሴት አለች፤ አይጠይቃትም። የሚጠይቃት ቢሆን እንግዳ ፊት አይሆንም። ምክንያቱም እሱ የሚሠራው «ሆቢ» ነው፣ እሷ ትሠራው የነበረው ችግር ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸው እንዲታወቅ አይፈልግም።

ይኸ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። እንግሊዝ አገርም እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቤት ውስጥ ጠላ የሚጠምቁት፣ ለጎረቤትም የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ጁዲት ቤኔት የተባለች የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ ሥራው ትርፍ ማምጣት ሲጀምር፣ ሆፕስ የገባበት ቶሎ የማይበላሽ ቢራ ሲመጣ፣ ትልቅ ጋንና ትልቅ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡና በ1600 ገደማ በብዙ ቦታ የወንድ ንግድ ሆነ። እኛም ጋ በ1915 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ቢራ ሲተከል «ጠማቂ» የሚለው ቃል ሁለት ሆነ፤ አንዱ ካፖርት ለብሶ ፋብሪካ ገባ፣ ሌላዋ ጓዳ ቀረች።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቢራን በቤት መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው፤ ሁለት አዋቂ ላለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን። በእኛ ጄሪካን ቢሰፈር 38 ጄሪካን ገደማ ነው። በዚያ አገር በቤታቸው ሲሞክሩ የነበሩ ሰዎች ኋላ ባለ ፋብሪካ ሆነዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ ይሸጥ የነበረው ኬን ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያውን የሲዬራ ኔቫዳ ቢራ ጠምቆ ዛሬ ስሙ ትልቅ ነው። የእኛም ሰው ይኸን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል። «አየህ፣ ከጋራዥ ነው የተነሳው!» ይላል። ከጓዳ የተነሳች አንዲት ሴት ግን በቃሉ አያውቅም። የ38 ጄሪካን ቦርዴ ለአጥሩ ወዲያ ጎረቤቱ የስንት ሳምንት ሥራ እንደሆነ ቢጠይቃት ይገርመው ነበር።

ጭራሽ አይጠይቃትም ማለቴ ግን አይደለም። ሙከራ 9 አልፈላ ባለው ጊዜ አጥሩን ዞሮ ሄዷል። «እትዬ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ።» መጣች፤ እጇን ታጠበች፤ ጣቷን ነከረች፤ ቀመሰች። «ውሃው ፈልቶ ሳይበርድ ነው ጌሾውን ያገባኸው፤ እርሾውን ገድለኸዋል። ቆይ» ብላ ሄዳ ከራሷ ጥንስስ አንድ ጣሳ አመጣችና ገለበጠችበት። በማግስቱ «ቡልቅ... ቡልቅ...» ተመለሰ። ስንት ከፈላት? ምንም። «ጎረቤት አይደለን?» አለች። ሜካኒክ ጠርቶ ባጃጅ ቢያሠራ ኖሮ ይከፍል ነበር። ኮምፒውተር ቢበላሽበትም ይከፍል ነበር። የእሷ ግን ሙያ ሳይሆን ደግነት ተብሎ ተመዘገበ። እንዲያውም አልተመዘገበም፤ ደብተሩ ላይ የውሃው ሙቀት አለ፣ የጌሾው ክብደት አለ፣ «የእርሾው ምንጭ» በሚለው መስመር ላይ ግን የተጻፈው «ጎረቤት» ነው። ለጀርመኑ ሰውዬ ሙሉ ስሙ ከነቻናሉ ተጽፏል።

የሚስቱንም ነገር እናንሳ። ሙያው የእሱ ነው ሲባል ጄሪካኑን የሚያጥበው ማን ነው? አምቡላው የተደፋበትን ሲንክ፣ ዝንብ የወረረውን ወለል፣ ከፍሪጁ የወጣውን ሥጋ የሚያስተዳድረው ማን ነው? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሃያ ጠርሙስ ማጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ማን ይቀዳል? እሱ መጥመቅ የሚለው መለካቱን፣ መቅመሱንና መናገሩን ነው። የቀረው «ሥራ» ነው፤ ሥራ ደግሞ እዚያ ቤት ባለቤት አለው።

ይተው አልልም። እንዲያውም ይቀጥል፤ ግን ጣሳ ጥንስስ ሲወስድ ይክፈል፤ ደብተሩ ላይ «እትዬ» ብሎ ስሟን ይጻፍ፤ እናቱንም እንግዳ ፊት ይጠይቃት። ማሩን ሲመዝን የሚያሳየውን ጥንቃቄ እዚህም ያሳይ፣ ከባድ ነገር አልጠየቅንም።

ሰሞኑን ደግሞ «ጠጁና ቢራው ገብቶኛል፤ ቀጥሎ ቦርዴ ነው» እያለ ነው አሉ። አራት ቀኑን በሠንጠረዥ አውጥቶታል። ለጠዋት እንዲደርስ የመጨረሻው ገንፎና ብቅል የሚገባው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሆነም ደርሶበታል። ሠንጠረዡን ለሚስቱ ሲያሳያት ለብዙ ወራት ዝም ያለችው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ ጠየቀችው፤ «በዘጠኝ ሰዓት የሚነሳው ማን ነው?»